በእህቴ ስም የመጣችው

መርዶ በእኛ አገር ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው፤ ሰው ገና ሌላ ነገር ሳይጀምር። ለዚህ ነው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው የእናቴ ቤት በር በዚያ ሰዓት ሲንኳኳ እናቴ «ማን ነው?» ብላ ያልጠየቀችው። «ማንኛዋ ናት?» ነው ያለችው። ሴት ልጆቿ ሁለት ነን፤ አንደኛዋ እኔ ነኝ፤ እዚያው አጠገቧ ሻርፔን እየፈለግኩ ቆሜያለሁ። በቁሜ እያየችኝ «ማንኛዋ?» አለች። እኔም ከመደንገጤ የተነሳ፣ እኔ እሆን እንዴ ብዬ አሰብኩ።

በሩን ስከፍት ከፊት የቆመው አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነበር። ከኋላው የቅሬያችን ሽማግሌዎች ነበሩ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። የእኛ ሰፈር ቅሬ እስላም ክርስቲያን አይልም፤ የሞተውን ሁሉ ይቀብራል። አንድ ድንኳን፣ አንድ ቃሬዛ፣ አንድ ጡሩምባ አለን። ሸሁም ቄሱም አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይመክራሉ፤ ሲጣሉም እዚያው አግዳሚ ላይ ናቸው።

አጎቴ ወሬውን የሰማው ከዋዜማው ነው። አንዲት የማናውቃት ሴት ከአረብ አገር፣ ከኤምባሲያችን ነኝ ብላ ደውላ፣ ትንሿ እህቴ ታማ ሆስፒታል ውስጥ እንደሞተች፣ አስከሬኗም ተልኮ በማግስቱ ኮምቦልቻ እንደሚደርስ ነገረችው። እሱም እንደ ደንቡ ሌሊቱን በሆዱ ይዞት አደረ። እንዴት እንዳደረ እሱ ያውቃል። ሲያወራ የማያርፍ ሰው ነው፤ በዚያ ሰዓት ግን «አላህ ወሰዳት» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም።

እናቴ ወደቀች። እኔ አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ። ሰኞ ገበያ ሳፋና ጀሪካን የምሸጥ ሴት ነኝ፤ ድምፄ ከሱቄ ይሰፋል ይሉኛል፤ ሐዘንም የሚመጣብኝ በንዴት በኩል ነው። በማን እንደምናደድ ስፈልግ ቆየሁ። በሷ ተናደድኩ፣ አትሂጂ ብያት ስለሄደች። በስልኳ ተናደድኩ። ከአሰሪዋ ቤት ጠፍታ ከወጣች ወዲህ ስልኳ እንደ ደሴ መብራት ነበር፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ያን ሰሞን ጭራሽ ጠፍቶ ነበር። እኛም ሲም ቀይራ ይሆናል፣ ትደውላለች እያልን ስንጠብቅ ነበር። ስንጠብቅ የመጣው ይኸው ነው።

ኮምቦልቻ ይሞቃል። ከደሴ ጃኬት ለብሶ የወረደ ሰው እዚያ ሲደርስ ያወልቃል። እኛ ማናችንም አላወለቅንም፤ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ እንደለበስን በላብ ተጠምቀን ቆምን። ከአውሮፕላኑ ሰዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወጡ። ከጎናችን አበባ ይዘው የቆሙ ሰዎች ነበሩ፤ እንግዳቸው ሲመጣ ተቃቀፉ፣ ተሳሳቁ፣ እኛን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ሰራተኛ ወጥቶ የእህቴን ስም ከነአባቷ ጠራ። «አለን» አልን ሁላችንም ባንድ ላይ። ከሄደች ጀምሮ ሙሉ ስሟን እንዲያ ጮክ ብሎ የጠራ ሰው አልሰማሁም ነበር። ሳጥኑ ላይም ያው ስም ተለጥፎበታል።

ወደ ደሴ ስንወጣ እናቴ ከሳጥኑ አጠገብ ካልተቀመጥኩ ብላ አስቸገረች። ጭነት መኪናው ላይ ፍራሽ አነጠፍንላትና እኔም አብሬያት ተቀመጥኩ። መንገዱን ሁሉ አወራቻት። እጇን ሳጥኑ ላይ አድርጋ፣ የሰፈሩን ወሬ ከሄደችበት ቀን ጀምሮ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ማን እንዳገባ፣ ማን እንደወለደ፣ የአጎቴ ሚስት ምን ብላ እንዳስቀየመቻት፣ እኔ ባል አላገባም ብዬ እንዴት እንዳቃጠልኳት። «ይኸውልሽ ሐረጎ ደረስን» አለቻት ጠመዝማዛውን ስንጀምር። «እዚህ ጋ ስትደርሽ ያቅለሸልሽሽ አልነበር? ሎሚ ነበር የማሸትትሽ። አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ።» እኔ ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ንዴቱ የት እንደሄደ አላውቅም።

ቤታችን ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፤ ወንዶቹ አግዳሚው ላይ፣ ሴቶቹ ሳሎን ሞልተዋል። ሸሁ እናቴን ለብቻ ጠርተው፣ አስከሬኑ እዚያው ታጥቦ ይሆናል፣ ሳጥኑን መክፈት ግድ አይደለም፣ ሰግደንባት ወደ ቀብር ብንሄድ ይበቃል አሏት። ለእናቴ አዝነው ነው። እናቴ ግን እንቢ አለች። «የሰው አገር ሰው ያጠባትን አላውቅም፤ ልጄ በቤቷ ሳትታጠብ አፈር አትለብስም» አለች። ሸሁም አልተከራከሩም።

ወንዶቹ ሳጥኑን ወደ ጓዳ አስገብተው ክዳኑን ፈነቀሉልንና ወጡ። እናቴን ሴቶቹ ደጅ ያዟት፤ እናት አትችለውም ብለው። ውስጥ የቀረነው እኔና የሰፈሩን ሴት ጀናዛ ሁሉ የሚያጥቡት አሮጊት ነን። ጎረቤታችን ውሃ እያቀበለች በር ላይ ቆመች። ይቺ ጎረቤታችን ክርስቲያን ናት፤ ከእናቴ ጋር በአንድ አጥር ሲኖሩ እድሜያቸውን ጨርሰዋል፤ በጾሟም በጾማችንም እኩል ትራባለች እያልን እንቀልድባታለን። አሮጊቷ «ቢስሚላህ» ብለው ፕላስቲኩን ገለጡ። ከፕላስቲኩ ስር ነጭ ጨርቅ ነበር። ጨርቁን እኔ ገለጥኩት።

ግንባሯ ላይ፣ ከቅንድቦቿ መሃል ከፍ ብሎ፣ አረንጓዴ የመስቀል ንቅሳት አለ።

ወላሂ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ይቺ ልጅ! አረብ አገር ሄዳ ግንባሯን ተነቅሳ መጣች? አሁን እናቴ ብታይ ምን ልትል ነው? ሸሁስ? በምን እንሸፍነዋለን? እያልኩ ጨርቁን መልሼ ጎትቼ ግንባሯን ለመሸፈን ሞከርኩ። ሰው ሲደነግጥ ፊት ለፊቱ ያለውን ትቶ ዳር ዳሩን ነው የሚለቅመው።

«አንች» አሉኝ አሮጊቷ፤ «እህትሽ ናት?»

«ናት።»

«እስቲ ደግመሽ እያት። ሞት መልክ ይለውጣል እንጂ ቁመት አያሳጥርም።»

እህቴ ረጅም ናት፤ በር ስትገባ አንገቷን የምትሰብር። ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ልጅ እግሯ ከሳጥኑ ጫፍ ብዙ ይቀረዋል። ፊቷን እያየሁ የእህቴን ፊት ፈለግኩበት፤ አፍንጫዋን አየሁ፣ አገጯን አየሁ። ከዚያ የግራ ጆሮዋን አየሁ። የእህቴ የግራ ጆሮ በልጅነቷ ጉትቻዋ ሽቦ አጥር ላይ ተይዞ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። የዚች ልጅ ጆሮ ሙሉ ነው። የቀኙንም አየሁት፣ ግራና ቀኝ ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ። እሱም ሙሉ ነው።

«አይደለችም» አልኩ። ሁለተኛውን ግን ጮኼ ነው ያልኩት፤ ያ ከሱቄ የሚሰፋው ድምፄ ነው የወጣው። «እማ! እሷ አይደለችም! የኛዋ አይደለችም!»

እናቴ የያዟትን ሴቶች በጥሳ ገባች። አንዴ አየች። ከዚያ እልል አለች።

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ እልልታ አልሰማሁም። እኔን ስትወልደኝም እንዲያ የተባለ አይመስለኝም። ድንኳኑ ውስጥ ዱአው ተቋረጠ። ሰው ግር ብሎ ተነሳ። «አበደች፣ ያረቢ፣ ሴትዮዋ አበደች» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሸሁ መጋረጃው ጋ መጥተው «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» ይላሉ። እናቴ እኔን ትስመኛለች፣ አጣቢዋን ትስማለች፣ ግድግዳውን ትስማለች። «አልሐምዱሊላህ! ልጄ አልሞተችም!» ሴቶቹም ነገሩ ሲገባቸው ከሳሎን አብረዋት እልል አሉ። ለለቅሶ የተነጠፈው ጥቁር ምንጣፍ ላይ የአጎቴ ሚስት ቆማ ታጨበጭባለች። እኔም ስቄያለሁ። ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ አላውቅም፤ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ነው የሳቅኩት።

በዚህ ሁሉ መሃል ነው አንድ ሰው ሲያለቅስ የሰማነው። ጎረቤታችን ናት። የውሃውን ባልዲ አስቀምጣ ከሳጥኑ አጠገብ ተንበርክካለች፤ በእጇ የልጅቷን ፀጉር ከግንባሯ ወደ ኋላ ትመልሳለች።

«የማን ልጅ ነሽ የኔ እናት?» ትላታለች። «ከየት ነው ያመጡሽ? ሰው እልል እያለብሽ…»

እልልታው ተቋረጠ። ጎረቤታችን ቀና ብላ እናቴን አየቻት። ቁጣ አልነበረባትም። «እናንተ ደስ ይበላችሁ፤ ይገባችኋል። ለዚች ግን ማን ያልቅስላት?» አለች።

እናቴ አፏን በሻርፗ ይዛ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ሄዳ በልጅቷ እግር በኩል ተቀመጠች። «ሐረጎን ሁሉ ያወራሁት ለዚች ነው» አለች። «የቤቴን ጉድ ሁሉ ነግሬያት፣ አንድ ቃል አልመለሰችልኝም።» ይህን ስትል ልትስቅ ነው ብዬ ነበር። ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ለእህቴ ካለቀሰችው አይተናነስም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ እንደ ሕልም ነው፤ ግን በቀን፣ በጠራራ ፀሐይ የሆነ ነው። አጎቴ ወደ ቀበሌ ሮጠ፤ ከቀበሌ ወደ ፖሊስ ሄደ። አንድ መኮንን መጥቶ ልጅቷን አያት፣ ፎቶ አነሳት፣ ተሳስቶ የመጣ አስከሬን መመለሻ እንደሌለው ነገረን። በዚህ ላይ ብዙ የተጓዘ አስከሬን ነው፤ እንዲያድር አይሆንም። «ቅበሯት፤ ቦታውን ምልክት አድርጉበት፤ ቤተሰቧ እስኪገኝ እኛም እንፈልጋለን» አለ። ሰውየው ራሱ ደንግጦ ነበር፤ ሲወጣ ለማን «አላህ ያጥናችሁ» እንደሚል ግራ ገብቶት ለሁላችንም በጅምላ አለን።

የቅሬው ዳኛ ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ድንኳናችን ስር የገባ ሬሳ የኛ ነው» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። የተከራከረ የለም። ሸሁ ወደ ቄሱ ዞር ብለው «እንግዲህ እንግዳዋ የርስዎ ናት» አሉ። ቄሱም ተነሱ። ወንዶቹ መቆፈሪያቸውን ይዘው ከመስጊዱ መቃብር ወደ ቤተክርስቲያኑ ዞሩ፤ የተቆፈረውን ጉድጓድ ባዶውን ትተው። ያ ጉድጓድ ለእህቴ የተቆፈረ ነበር። ማን ሄዶ እንደደፈነው እስካሁን አልጠየቅኩም።

የእኛዋ የት እንዳለች የጠየቀ ሰው እስከዚያ ድረስ አልነበረም። የጠየቀው አጎቴ ነው። «ለመሆኑ ልጃችን የት ናት?» አለ፤ ያኔ ነው ደስታችን የተነፈሰው። እህቴ አለመሞቷን አላወቅንም። ያወቅነው አለመምጣቷን ብቻ ነው። እናቴ እንዴት አየችኝ መሰላችሁ፤ እልልታዋን እንድመልስላት የምትለምነኝ ይመስል። ስልኬን አነሳሁና አረብ አገር ላለ ለማውቀው ሰው ሁሉ፣ ለማላውቀውም የሰው ዘመድ፣ በድምፅ ላክኩ። «በሕይወት ካለች ትደውል፤ ድንኳን ውስጥ ነን» ነው ያልኩት።

ቄሱ በዚህ መሃል ልብሰ ተክህኗቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ተመለሱ። አጎንብሰው ልጅቷን አዩ፣ አማተቡ። ከዚያ ቀና ብለው «የክርስትና ስሟ ማን ነው?» አሉ።

ማን ያውቃል? መጠሪያ ስሟን እንኳ አናውቅም።

«ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ነው» አሉን ቄሱ፤ ለእኛ ለእስላሞቹ እንዲገባን ቀስ ብለው። «ስሟ ካልተገኘ መቼም አልመልሳትም፤ እግዚአብሔር ያውቃታል ብዬ እሸኛታለሁ። ከተገኘ ግን በስሟ ትሂድ። በሰው ስም መጥታለች፤ በሰው ስም አትቀበር።»

ስልኬ የጮኸው እሳቸው ይህን ብለው ሳይቀመጡ ነው። ቁጥሩን አላውቀውም።

«እኔ ነኝ» አለች።

እህቴ ናት። ስለ እንዲህ ያለ ነገር ሳስብ ሁልጊዜ የማለቅስ፣ የምመርቅ ይመስለኝ ነበር። «አንች ሙትቻ!» ነው ያልኳት። «እዚህ ድንኳን ተክለንልሻል እኮ! ገንዘን ልንቀብርሽ ነበር!» እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ፣ መልሳም ሰጠችኝ፣ መናገር ስላቃታት። ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አደረግኩት። ሰፈሩ ሁሉ ከቦን ቆመ።

እህቴ እያለቀሰች ነው የነገረችን፤ መልእክቴ የደረሳት አንዲት ሴት ስልኳን አውሳት ነው። ሴቶቹ ብዙ ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ልጅቷ በባህር የመጣች ናት፤ የመኖሪያ ወረቀት የላት፣ ምን የላት። እያመማት ደብቃ ሰራች። በኋላ መቆም ሲያቅታት ሆስፒታሉ ወረቀት የሌላትን አላስገባም አለ።

«የኔን ይዘሽ ግቢ አልኳት» አለች እህቴ። «ስምሽን ሲጠይቁሽ የኔን ንገሪያቸው አልኳት።»

«ፎቶውስ? አይመሳሰልም እኮ!»

«ለነሱ ሁላችንም አንድ መልክ ነን እትየ። ማን አየውና።»

ተኝታ ትነሳለች ብለው ነበር። ሞተች። በእህቴ ስም ሞተች። እህቴ ወጥታ እውነቱን ብትናገር እስር ቤት ነው የሚጠብቃት፤ ስልኳን አጥፍታ ተደበቀች። እዚያው ይቀብሯታል ብላ ነው ያሰበችው፤ ሬሳው እናቷ ደጅ ይመጣል ብላ በሕልሟም አላሰበችም። ይህን ስትናገር እናቴ አልቻለችም። «በቃ ነይ» አለቻት፤ «አሁኑኑ ተነሽና ነይ።»

«በምን ልምጣ እማ? እኔ ሞቻለሁ እኮ» አለች እህቴ።

ይህን ስጽፍ እህቴ አሁንም እዚያው ናት። በሕይወት አለች፤ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ባለችበት አገር መዝገብ ላይ ግን ሙት ናት። ይህን ለሰው ሳወራ የሚስቅ አለ። እኔም አንዳንዴ አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ።

ቄሱ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። «ስሟን፣ ስሟን ጠይቂያት።»

እህቴ የልጅቷን መጠሪያ ስም ነገረችን። የክርስትና ስሟን ግን አታውቅም። «እኔ በምን አውቄ እትየ? ለካ ሁለት ስም አላቸው» አለች። አገሯ ወደ ወረኢሉ በኩል እንደሆነ፣ አባት እንደሌላት፣ እናቷን በየእሁዱ እንደምታናግር ታውቃለች። የልጅቷ ስልክ እህቴ ዘንድ ነው። «እናቷ ትደውላለች» አለችን። «ይጮሃል፣ አላነሳውም። ምን ልበላት?» ከዚያም የእናትየውን ቁጥር አነበበችልን።

አሁን ነገሩ ተያዘ። ስሙን የምታውቅ አንዲት ሴት አለች፤ እሷን መጠየቅ ደግሞ መንገር ነው። የቅሬው ዳኛ ዓይናቸውን ጨፍነው እንቢ አሉ። «መርዶ በስልክ አይነገርም። ሴትዮዋ ብቻዋን ትሆናለች፣ ሜዳ ላይ ትሆናለች፣ ገደል አፋፍ ላይ ትሆናለች። ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ልከን፣ ከአገሯ ሰው ጋር ሆነው ይንገሯት።» ልክ ናቸው። ጀናዛው ግን ነገን አይጠብቅም።

«እኔ እደውላለሁ» አለች እናቴ። «ስሙን ብቻ ነው የምጠይቃት። ሌላ ምንም አልነግራትም።»

ጎረቤታችን ትደውል ያለ ነበር፤ እሷ ግን ስታለቅስ ድምጿ ተዘግቷል። እናቴም አለቅም አለች። «እኔ ነኝ እልል ያልኩባት፤ እኔው ልጠይቅላት» አለች። ጎረቤታችን በሹክሹክታ የምትለውን አስጠናቻት፦ የልጅሽ ጓደኛ እናት ነኝ፤ ጎረቤቴ ክርስቲያን ናት፤ በስደት ላሉ ልጆቻችን ቤተክርስቲያን ጸሎት ልታስደርግ ነው፤ ስሟን ልታስነሳላት ፈልጋ ነው። ነገሩ ያስኬዳል። በእኛ አገር እስላም ለክርስቲያን፣ ክርስቲያን ለእስላም ስለት ሲሳል አዲስ አይደለም። የፈራሁት እናቴን ነው። ውሸት አትችልም፤ ገበያ ወጥታ ስትከራከር እንኳ የያዘችውን ብር ተናግራ ነው የምትጀምር።

ስልኩ ጠራ። አንዲት ሴት ከሩቅ፣ ከነፋስ ውስጥ፣ «ሃሎ? ማን ልበል?» አለች።

እናቴ ያጠናችውን አለች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ ገረመኝ።

«የልጄ ጓደኛ እናት!» አለች ሴትዮዋ። ደስታዋን እዚህ ሆነን አየነው። «እንዴት ነዎት? ደህና ነዎት? እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አስታወሱኝ! ልጄ ስለ ልጅዎ ሁልጊዜ ታወራልኛለች፤ እንደ እህት ናት ትለኛለች። ሰሞኑን ስልኳ አልነሳ ብሎኝ ሐሳብ ገብቶኝ ከረመ። ደህና ናት አይደል?»

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። «ስራ በዝቶባቸው ነው» አለች። ከዚያ ፈጥና፣ ሌላ ሳትጠየቅ፣ ስለ ጸሎቱ ነገረቻትና የክርስትና ስሟን ጠየቀቻት።

«ውይ፣ ተባረኩ!» አለች ሴትዮዋ። አላመነታችም። ስሙን ነገረችን። ያን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ የልጅቷ ነው። ቄሱ እንዳይጠፋባቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ደጋግመው አሉት። ሴትዮዋ ደስ ብሏት ቀጠለች፤ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ዝናብ እንደነበር፣ ራሷ በጋቢ ጠቅልላ ታቅፋት እንደሄደች፣ ቄሱ ውሃው ውስጥ ሲነክሯት ልጅቷ እንዳላለቀሰች ነገረችን። ሰው ሁሉ ይሰማል። አጎቴ ድንኳኑን ጥሎ ወጣ። እናቴ «እሺ… እሺ…» ትላለች፤ ስልኩን ለመዝጋት መንገድ ትፈልጋለች። «በሉ እንግዲህ ደህና ይሁኑ፣ አላህ ያቆይልን» አለች።

«ቆይ እስቲ» አለች ሴትዮዋ።

ድምጿ አልተለወጠም። ረስታው የነበረ ትንሽ ነገር ትዝ እንዳላት ሰው ነበር የምትናገር።

«ልጄ ስሟን ታውቀዋለች እኮ። ምነው እሷኑ አልጠየቃችኋት?»

እናቴ ስልኩን እንደያዘች ዞረች። እኔን አየችኝ። እኔ፣ ያ ሁሉ ድምፅ ያለኝ ሴት፣ የምላት አጣሁ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነው፤ ሸሁ አሉ፣ ቄሱ አሉ፣ የቅሬው ዳኛ አሉ። አንዱም አልመለሰላትም። ሴትዮዋም ሁለተኛ አልጠየቀችም። ስልኩን ሳትዘጋ ከአፏ ስታርቀው ተሰማን፤ ከዚያ ጎረቤቶቿን አንድ ባንድ በየስማቸው ትጣራ ጀመር።